የመጀመሪያው ክፍል የቱ ይሁን?

ባለፈው ሰሞን በዚህ አምድ «ጌም ሾው፣ ማለትም ሰው ለሽልማት የሚወዳደርበትን የቴሌቪዥን ጨዋታ፣ አይቶ የማያውቅ ሰው የሚወደውም የሚጠላውም በመጀመሪያ ባየው ክፍል ነው» ብዬ ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥያቄው ጎረፈ። ስድስቱን መርጬ መልሻለሁ። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ ከአሁኑ ልናገር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ሌላ ሰው ገንዘብ ሲበላ ቁጭ ብሎ ማየት ምን ይሉታል?» ትላለች። ለምኜ ለምኜ አንድ ክፍል ብቻ ለማየት ተስማማች። የቱን ላሳያት? (ከደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ «ሁ ዎንትስ ቱ ቢ ኤ ሚሊየነር»ን አሳያት። በ1998 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። ጥያቄ አለ፣ አራት ምርጫ አለ፣ ለጨነቀው ደግሞ ወዳጁ ጋ ደውሎ መጠየቅ ይፈቀድለታል፣ በቃ። ጥበቡ ያለው መጀመሪያ ላይ ነው፤ የፊተኞቹ ጥያቄዎች ሆን ተብሎ ቀላል ተደርገዋል። ባለቤትህ ሽንኩርት እየከተፈችም ቢሆን ከተወዳዳሪው ቀድማ ትመልሳለች። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቢላዋው እጇ ላይ ይቀራል።

አንተ ግን ታዋቂውን ክፍል ላሳያት ማለትህ አይቀርም። በኖቬምበር 1999 በአሜሪካው ዝግጅት ላይ ጆን ካርፔንተር የሚባል የግብር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ 14 ጥያቄ ያለ ምንም እርዳታ መልሶ የሚሊዮኑ ጥያቄ ላይ ደረሰ። ያኔ አባቴ ጋ ደውሉልኝ አለ። አባትየው ስልኩን ሲያነሱ ልጃቸው የጠየቃቸው ነገር የለም፤ ሚሊዮኑን ሊበላ መሆኑን ሊነግራቸው ነው የደወለው። መልሱ ሪቻርድ ኒክሰን ነበር፤ በላውም። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ዛሬም ፈገግ እላለሁ። ነገር ግን ያ ስልክ ለጨነቀው ሰው የተቀመጠ መሆኑን ላላየ ተመልካች፣ ካርፔንተር አባቱን ሰላም ያለ ልጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። መጀመሪያ ተራ ተወዳዳሪ በላብ ተጠምቆ፣ ስልኩ ላይ የተሰጠው 30 ሰከንድ ሲያልቅበት ትይ። ካርፔንተርን «ሌላ የለህም?» ያለችህ ቀን ታወጣዋለህ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ከእናቴ ጋር ቴሌቪዥን እናያለን። እሷ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ እኔም ያን ያህል ነኝ። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ በአማርኛው «የቤተሰብ ጨዋታ» ጀምሩ። ሁለት ቤተሰብ ፊት ለፊት ይቆማል፤ የሚፈለገውም ትክክለኛው መልስ ሳይሆን ብዙ ሰው የሰጠው መልስ ነው። የሰፈሩን ሐሳብ ቁጭ ብላ የምታውቅ እናት እዚህ ላይ ዲግሪ ያለውን ታስከነዳለች።

ቀጥሎ «ዲል ኦር ኖ ዲል»። በአሜሪካው 26 ቦርሳዎች አሉ፤ በውስጣቸው ከ1 ሳንቲም እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ተጽፏል። ተወዳዳሪው አንዱን ለራሱ ይዞ ሌሎቹን ያስከፍታል፣ በየመሀሉ «ባንኩ» እየደወለ ቦርሳህን ልግዛህ ይለዋል። አክስቴን ያስጀመርኳት በዚህ ነው፤ ሸዋ በር፣ ቤቷ፣ ቡና እያፈላች። አቦሉ ላይ «ይሄ የሚደውለው ሰውዬ ማነው?» አለች። ነገርኳት። ቶናው ላይ ለጎረቤቷ ስኒ ልታቀብል የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ልጅ የቀረበላትን ብዙ ገንዘብ እምቢ ብላለች። «ኧረ አንቺ ልጅ! ተቀበይና ግቢ! ነገ አታገኚውም!» ብላ ጮኸችባት። በረካው ሲቀዳ የልጅቱ ቦርሳ ተከፈተ፤ 5 ዶላር። አክስቴ ሦስት ቀን ሙሉ የራሷ ልጅ የከሰረች ይመስል ስታወራው ሰነበተች። ከእንግሊዝኛው ያስፈለጋት ቃል «ኖ» ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ ታውቀዋለች።

ጥያቄ፦ ምርጡ የአሜሪካኖቹ የጥያቄ ውድድር «ጄፓርዲ» ነው ይባላል። ለምን በምርጡ አንጀምርም?

መልስ፦ ሞክሬው አፍሬያለሁ። ኬን ጄኒንግስ በ2004 በተከታታይ 74 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈበትን ቀን ለእህቴ ባል አሳየሁት። እኔ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ፣ እሱ ትራሱን ያስተካክላል። ሲያልቅ «ሰውዬው መሸነፉ ምኑ ይገርማል? ሲያሸንፍ መቼ አየሁት?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት! በዚያ ላይ ጨዋታው የተገለበጠ ነው፤ አቅራቢው ፍንጩን ያነባል፣ ተወዳዳሪው በጥያቄ መልክ ይመልሳል። ከሌሎቹ በኋላ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምቦልቻ ግቢ ነው የምማረው። የዶርም ጓደኛዬ ከቁጥር ውጪ ነገር አይጥመውም። ለእሱ የሚሆን አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ! የእንግሊዙን «ካውንትዳውን» ፈልግለት። ቻናል ፎር የሚባለው ጣቢያ በ1982 ሥራ በጀመረበት ዕለት የተጀመረ ነው፣ እስከ ዛሬም አላረጀም። የፊደሉን ዙር እለፉትና የቁጥሩን ዙር ብቻ እዩ። ስድስት ቁጥር ይሰጣል፤ እያንዳንዱን ከአንድ ጊዜ በላይ ሳትጠቀም፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል 30 ሰከንድ ውስጥ የተጠየቀው ላይ መድረስ አለብህ።

በ1997 የቀረበውን አንዱን ልንገርህ። ቁጥሮቹ 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 3 እና 6፤ የሚፈለገው 952። ለጓደኛህ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጠውና እዚህ ላይ ማንበብ አቁም።

ተወዳዳሪው እንዲህ አደረገው፦ 100 ሲደመር 6፣ 106። በ3 ሲባዛ 318። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ወደ 952 ይጠጋል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ሽቅብ ሸሸ፤ በ75 አባዛውና 23,850 አለ። 50 ቀነሰ፣ 23,800። በ25 አካፈለ፣ 952። ጓደኛህ ይህን አይቶ ሂሳቡን በራሱ መንገድ ልሥራው ብሎ ሌሊቱን ካልተጨቃጨቀ፣ ሌላ ዝግጅት አትፈልግለት፤ እግር ኳስ ይይ።

ጥያቄ፦ «ዊል ኦቭ ፎርቹን» በአማርኛ ቢሠራስ? (ከደሴ ሆጤ)

መልስ፦ ጎማ እያሽከረከሩ የተደበቀ ቃል ፊደል በፊደል የሚገምቱበት ጨዋታ ነው፤ እኔም ተመኝቼው አውቃለሁ። ችግሩ ፊደላችን ነው። ፈረንጁ 26 ፊደል ይዞ «ኤስ አለ?» ይላል። እኛ 33 በ7፣ 231 ይዘን «ለ አለ?» ብንል፣ ለ ነው፣ ሉ ነው፣ ሊ ነው? ሲመሽ አንደኛው ቃል ላይ እንገኛለን። ተጫዋቹ «የለ ቤት» ብሎ ሰባቱንም ባንድ ላይ ቢጠራ ይሆን ነበር። ከዚያ ደግሞ የሀ፣ የሐ እና የኀ ጠብ አለ፤ እሱን አቅራቢው ከአማርኛ አስተማሪ ጋር ይወጣው።

ጥያቄ፦ አማቼ «ሁሉም ተነጋግረው ነው የሚጫወቱት» ብሎ አላስጀምር አለኝ። (ከደሴ)

መልስ፦ አማችህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። «ትዌንቲ ዋን» የሚባለው የአሜሪካ ዝግጅት ላይ በ1956 ኸርበርት ስቴምፐል የሚባለው ተወዳዳሪ የሚያውቀውን መልስ እንዲስት ታዝዞ ስቷል፤ ያሸነፈው ቻርልስ ቫን ዶረንም መልሱ ቀድሞ ይነገረው እንደነበር በ1959 ለኮንግረስ ተናዟል። በ1960 ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ይህን ካመንክለት በኋላ የ1984ቱን «ፕሬስ ዩር ላክ» ክፈትለት። ሰሌዳው 18 ሳጥን አለው፤ መብራቱ እየዘለለ ይዞራል፣ ቁልፉን ስትጫን የቆመበትን ትወስዳለህ። «ዋሚ» የምትባለው ቀይ ጭራቅ ላይ ከቆመ ያለህ ሁሉ ይበላል። አይስክሬም በመኪና ይሸጥ የነበረ ማይክል ላርሰን የሚባል ሥራ ፈት ሰው ፕሮግራሙን በዴክ እየቀዳ፣ ምስሉን እያቆመ ለወራት ሲያጠናው ከረመ። ለካስ መብራቱ በዘፈቀደ አይዘልም፤ የሚመላለሰው በአምስት መንገድ ብቻ ነው፣ ሁለት ሳጥኖች ላይ ደግሞ ዋሚ ጨርሶ አትመጣም። ስቱዲዮ ገብቶ እየደጋገመ እዚያው ላይ አቆመው። በገንዘብና በሽልማት 110,237 ዶላር ወሰደ፤ ደንብ አልጣሰምና ከፈሉት።

ስታዩ መብራቱን ተዉትና የሰውዬውን ዓይን እዩ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ሲጫወቱ ይጮኻሉ፣ ይጸልያሉ። እሱ ዝም ብሎ ይቆጥራል። አማችህንም ጠይቀው፣ እነዚያ የዴክ ዓመታት ላይ እሱ ምን ሲቀዳ ነበር?