ሹራብ ከሹሩባ ነው የመጣው?
«ሹራብ» የሚለው ቃል ከ«ሸረበ» ወይም ከ«ሹሩባ» የመጣ ነው ወይ ላልከው፣ አይመስለኝም። ድምፁም ሥራውም ስለሚቀራረብ ያሳስታል እንጂ ቃሉ በዐረብኛ በኩል የገባ ነው። ግብፅ ውስጥ «ሸራብ» ካልሲ ነው፤ ቱርኮችም ሮማንያዎችም «ቾራፕ»፣ ኡርዱ ተናጋሪዎች «ጁራብ» ይላሉ፣ ሁሉም ካልሲ ማለታቸው ነው። የድሮው ዐረብኛ «ጀውረብ» ሲሆን፣ የዐረብ ሊቃውንት ራሳቸው ከፋርስ የመጣ ነው ይሉታል።

ታዲያ እግር ላይ የነበረው እንዴት ደረት ላይ ወጣ? እኛ ቃሉን የያዝነው ለልብሱ ሳይሆን ለአሠራሩ ይመስለኛል። «የእግር ሹራብ»፣ «የእጅ ሹራብ» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ብቻውን ሲጠራ ግን ከላይ የሚለበሰው ሆኖ ቀረ። በኋላ ከጣልያንኛ «ካልሲ» እና «ጓንት» መጥተው የሁለቱን ቦታ ያዙ። (ዛሬ «የእግር ሹራብ» የሚል ወጣት ብዙም አልሰማም።)

አሠራሩ ስል፦ ሸማ ድርና ማግ ይፈልጋል፣ ሹራብ ግን አንዱ ክር በራሱ ቀለበት ውስጥ እያለፈ የሚያያዝ ነው፤ ጫፉን ስትስበው የሚተረተረውም ለዚያ ነው። እስካሁን ከተገኙት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከልም ከግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች አሉ።