ስለ ፌይ ጠይቁኝ፦ በጎድ ኦፍ ዎር ፊቷን ያላየናት እናት

መላሽ፦ የማወራው በፈረንጆቹ 2018 ስለወጣው ጌም ብቻ ነው፤ ክሬቶስና ልጁ አትሬውስ የሟቿን ሚስቱን የፌይን አመድ ሊበትኑ ስለሚጓዙበት። ያልጨረሳችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ፤ መጨረሻውን አወጣዋለሁ። በኋላ «ስፖይል አደረግክብኝ» የለም።

አንበሴ፦ ሴትዮዋ ገና ከመጀመሪያው ሞታለች። ታዲያ ሚናዋ ምንድን ነው?

መላሽ፦ ጨዋታውን የምትነዳው እሷ ናት እንጂ! ሲጀምር ክሬቶስ የሚቆርጠውን ዛፍ ልብ ብለኸዋል? ግንዱ ላይ ወርቃማ የእጅ አሻራ አለ። የፌይ ነው። ሬሳዋ የሚቃጠልበትን እንጨት ራሷ መርጣ ምልክት አድርጋበታለች። ዛፎቹ ደግሞ ቤታቸው ያለበትን ጫካ ከአማልክቱ የሚሰውሩ አጥር ነበሩ። ባልየው ኑዛዜዋን ሊፈጽም ሲቆርጣቸው አጥሩ ፈረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ባልደር የተባለው አምላክ በሩን አንኳኳ። ይሄን አጋጣሚ ነው የሚል ሰው ጌሙን በጥድፊያ ነው የጨረሰው።

ጌመሩ፦ ባልደር የመጣው ክሬቶስን ፈልጎ አይደል?

መላሽ፦ አይደለም። ግዙፋን ከሚባሉት ዘር የሆነ ሰው ነበር የሚፈልገው። ለዚህ እኮ ነው ክሬቶስን ሲያየው ቁመቱ ያነሰበት። የሚፈልጋት ሴትዮ አመድ ሆናለች፤ እሱ ግን አላወቀም፣ እስከ መጨረሻው የተሳሳተ ሰው ሲያሳድድ ከረመ።

ሊሊ፦ ታዲያ ባሏን አታላዋለቻ! ከግዙፋኑ መሆኗን ደበቀች፣ ልጃቸው አትሬውስ በግዙፋኑ ዘንድ ሎኪ መባሉንም ደበቀች። እኔ ብሆን አልምራትም።

አንበሴ፦ እሱስ? አምላክ መሆኑን ለገዛ ልጁ ሳይነግር ስንት ዓመት ኖረ?

ሊሊ፦ እኔ ስለ እሱ አላወራሁም።

አንበሴ፦ አውሪ እንጂ፣ የሁለት ሰው ትዳር ነው።

መላሽ፦ ሽምግልና አልተቀመጥኩም! ግን ሊሊ፣ ኑዛዜዋን እስቲ አስቢው። አመዴን ከዓለማቱ ሁሉ ከፍተኛው ተራራ ላይ በትኑት አለች፤ የቱ ተራራ እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ክሬቶስ ሚድጋርድ፣ ማለትም ሰዎች በሚኖሩባት ዓለም ያለው መስሎት አናቱ ድረስ ወጣ፤ በግዙፋኑ ዓለም በዮቱንሃይም መሆኑን የነገረው እዚያ ታስሮ ያገኘው ሚሚር የሚባል አዋቂ ነው። መንገዱ ያ ሁሉ ባይረዝም አባትና ልጅ መቼ ይግባቡ ነበር? ዮቱንሃይም ሲደርሱ ደግሞ ጉዟቸው፣ ከባልደር ጋር የተደባደቡት ሳይቀር፣ ግድግዳው ላይ ቀድሞ ተስሎ ቆያቸው። እኔ ይሄን ማታለል አልለውም።

ሊሊ፦ እኔ እላለሁ።

አዲስገቢ፦ ፌይ ማን ናት?

መላሽ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

አዲስገቢ፦ እሺ፣ ፒሲዬስ ይችለዋል?

መላሽ፦ 70 ጊጋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሌላውን ኮምፒውተር የሚያውቅ ጠይቅ።

ጌመሩ፦ ክሬቶስ የሚዋጋበት መጥረቢያስ የማን ነበር?

መላሽ፦ የእሷ። ድንክ አንጥረኞቹ ወንድማማቾች ብሮክና ሲንድሪ ናቸው የሠሩላት።

ሊሊ፦ ጌሙ በተመሠረተበት በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክስ አለች?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ በመጨረሻ! አለች፣ ላውፌይ ተብላ፤ የሎኪ እናት ከመሆኗ ሌላ ግን የተነገረላት ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሰው በአባቱ ስም በሚጠራበት አገር ሎኪ «የላውፌይ ልጅ» ይባላል። እዚያ ግዙፉ አባትየው ፋርባውቲ ነው። ጌሙ ገልብጦ ግዙፍነቱን ለእናትየው ሰጣት፤ ስለ እሷ ብዙም የተጻፈ ነገር ስለሌለ ደራሲዎቹ እንደፈለጉ ሠሯት። ብልጦች ናቸው።

ጌመሩ፦ በ2022 የወጣው ተከታዩ ጌም ራግናሮክ ላይ ግን በክሬቶስ ሕልም...

መላሽ፦ የ2018ቱ ብቻ አልኩ እኮ! ገና ያልተጫወቱት አሉ።

አዲስገቢ፦ እኔ አልተጫወትኩትም። ሕልሙ ውስጥ ምን አለ?