ለካላዛር ቴሲስ ካርድ ይበቃል ወይስ መተማ ልውረድ ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎንደር ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ማስተርስ እየተማርክ ነው፣ ቴሲስህን በካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ) ተጋላጭነት ላይ ልትሰራ ነው፣ አድቫይዘርህ "የ5 አመት የህመምተኞች ካርድ ከሆስፒታል ሰብስበህ ጨርስ" ብሎሃል አንተ ደግሞ ሱዳን ድንበር ያለው ቆላ መተማ ወርደህ የእርሻ ቀን ሰራተኞቹን ራስህ መጠየቅ ፈልገሃል። እኔም እዚሁ ነው የተማርኩት፣ ሁለቱንም ሰርቼዋለሁ፣ ስለዚ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ካርዱን የጀመርኩት እኔም በሽታው የት እንደሚበዛ በካርታ ላሳይ ብዬ ነው። ካርድ ክፍል ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ እድሜ፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ የኤችአይቪ ውጤት ምናምን ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ። ካርታው ሲወጣ በጣም የቀላው ጋይንትና በለሳ ሆነ፣ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዋርድ ውስጥ ብዙ አመት የሰሩ አንዲት ሲስተር ሳሳያቸው ትንሽ ዝም ብለው አዩትና "ልጄ ይሄ እኮ የእናታቸው ቤት ነው፣ ና ራሳቸውን ጠይቃቸው" ብለው ይዘውኝ ገቡ።

መጀመሪያ ያገኘሁት ልጅ 19 አመቱ ነው፣ ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ ጋይንት። ሸሚዙን ገለጥ ሲያደርግ በግራ ጎኑ ጣፊያው የደረሰበት ድረስ በእስክሪብቶ ተሰምሯል፣ የገባ ቀን የተሰመረው ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ነው፣ ከሳምንት በኋላ የተሰመረው ሁለት ጣት ከፍ ብሏል፣ እሱም መስመሩን በጣቱ እየነካ "እየቀነሰልኝ ነው" ይለኛል። ግንቦት ላይ መተማ ወርዶ ለአረሙም ለሰሊጥ አጨዳውም እስከ ህዳር ቆይቷል። ሀገሩ ተመልሶ ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ተብሎ ሶስት ጊዜ መድኃኒት ወስዷል፣ እዚህ የደረሰው ሰውነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ካላዛር ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል፣ ያ ልጅ ሌላ ዙር የወባ መድኃኒት ቢጨመርለት ኖሮ ዛሬ የማወራልህ ስለ ቀብሩ ነበር።

አየህ፣ ከንክሻው እስከ ህመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ካርዱ ደግሞ የሚጠይቀው "አድራሻህ የት ነው" ብሎ ነው እንጂ "ባለፈው አመት የት የት አደርክ" ብሎ አይደለም። ግን ሁሉንም ደግሞ ከመተማ ነው ብለህ እንዳትደመድም። ደቡብ ጎንደር ያለው ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላዛር መሆኑ የታወቀው ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ሲባል ነበር፣ ከቀያቸው ወጥተው የማያውቁ ሴቶችና ህጻናት ጭምር ነው የታመሙት፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሶስት አመታት ከ2,000 በላይ ሰው ታክሟል። ስለዚ "ወደ ቆላ ወርደህ ታውቃለህ" የሚለውን ለሁሉም ጠይቅ፣ "አይ አላውቅም" ያለህን በተለይ ያዘው፣ ቀበሌውን እስከ ጎጥ ድረስ ጻፍ።

ካርድ ዋጋ የለውም እያልኩህ አይደለም። ጥያቄህ የህክምና ውጤት ቢሆን፣ ማን ዳነ ማን አገረሸበት ማን ሞተ፣ ኤችአይቪ ያለበት ከሌለበት ምን ይለያል፣ ለዚህ ካርድ ጥሩ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የሊሽማንያሲስ (ካላዛር ከዚህ አይነቶች አንዱ ነው) ምርምርና ህክምና ማዕከል ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ ነው። እዛም ላይ ግን አርኬ39 የሚባለው የጣት ደም ምርመራ ሰው ከዳነ በኋላም ለወራት አንዳንዴም ለአመታት ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል፣ ስለዚ በሱ ብቻ "አገርሽቷል" የተባለ ካርድ ካገኘህ የጣፊያ ወይ የመቅኔ ናሙና መታየት አለመታየቱን ሳታይ አትቁጠረው።

ተጋላጭነት ነው የማጠናው ካልክ ግን መውረድ አለብህ። ኬዝ ኮንትሮል (የታመመውን ካልታመመው የሚያወዳድር ጥናት) ስትሰራ ኮንትሮሎችህን፣ ማለትም ያልታመሙትን፣ ከጎንደር ከተማ ከአዘዞና ከፒያሳ ካመጣህ የምታገኘው "መተማ መሄድ ያጋልጣል" የሚል ነው፣ ይሄን ደግሞ ሹፌሩም ያውቀዋል። ኮንትሮልህ አንድ እርሻ ላይ አብሮት የሰራ ያልታመመ ጓደኛው ይሁን። ያኔ ነው የት እንደተኛ፣ ግራር ስር ነው ወይ፣ የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ነው ወይ፣ ማታ ይሰራ ነበር ወይ የሚለው ልዩነት የሚያመጣው። አሸዋ ዝንቧ ቀን የምትደበቀው ዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ነው፣ ስትነክስ እንደ ቢንቢ ድምፅ የላትም፣ ስለዚ "ነክሳህ ታውቃለች ወይ" ብለህ መጠየቅ ምንም አይሰጥህም።

መጠይቁ ላይ "አጎበር አለህ?" የሚለውን አውጣው። እኔ በሱ ጀምሬ ሁሉም "አዎ" አለኝ። ማታ ሄጄ ሳይ አጎበሩ ተጠቅልሎ ትራስ ሆኗል፣ ምክንያቱም ከሙቀቱ የተነሳ ሜዳ ላይ ነው የሚተኙት፣ ሜዳ ላይ ደግሞ መስቀያ የለም። ከዛ በኋላ "ትናንት ማታ የት ተኛህ፣ አጎበሩን በምን ሰቀልከው" እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ካቦው ወይ ባለሀብቱ አጠገብህ ከቆመም አትጠይቅ፣ ምሳ በልተው ጥላ ስር ሲያርፉ ብቻህን ቅረባቸው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሐምሌ ላይ ብቻ ብትወርድ የምታገኘው ለአረም የመጣውን ነው። ዝንቧ የምትበዛው ግን በበጋው መጨረሻ ነው፣ ያኔ እዛ ያለው ደግሞ ሳሉግ የሚባለው፣ አመቱን ሙሉ ከእርሻ እርሻ የሚዞረው ሰራተኛ ነው፣ ሀገሩም አይመለስ ምንም መዝገብ ላይም የለም። እሱን ካልያዝክ ጥናትህ ዋናው ሰው የጎደለው ይሆናል።

አድቫይዘርህን ለማሳመን ይሄን አንሳለት፦ እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ወደ 7,000 ሰው ፈጀ፣ በአመቱ እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጁ ተከፈተ፣ ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በቡድን ገጠር ወርደው እንዲማሩ ተደርጎ ነው የተቀረጸው። አንተ የምትጠይቀው ያንኑ ነው። ካልተስማማ ደግሞ ሁለቱን አዳቅለው፣ ካርዱን ያዝና አሁን ተኝተው የሚታከሙትን አልጋቸው ድረስ ሄደህ ስለ አዳራቸው ጠይቅ። ህክምናው አብዛኛውን ጊዜ 17 ቀን በመርፌ ስለሆነ ለማውራት በቂ ጊዜ አለ፣ መንገዱ ሰላም ካልሆነም ይሄኛው ይሻልሃል።

ከወረድክ ግን ኤቲክስ ማመልከቻህ ላይ ሪፈራሉን (የታመመ ስታገኝ ወዴት እንደምትልከው) አስቀድመህ ጻፍ፣ ትራንስፖርቱንም ባጀት ላይ አስገባው። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው እርሻ ላይ ታገኛለህ፣ ሁለትም ሶስትም። እኔ ባጀት ሳልይዝ ሄጄ አንዱን ለህክምና እስከ ሸህዲ ድረስ የወሰድነው ሰራተኞቹ ከደሞዛቸው አዋጥተው ነው። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ የሚያስቀራቸው መንገዱና የሚቀርባቸው የቀን ክፍያ ነው። መጠይቄን ከፈለግከው ኢንቦክስ በለኝ፣ ስለ አዳር የሚጠይቀውን ክፍል እንዳለ ውሰደው።