የአንዱ ዱቤ ሌላው ላይ ለምን ይጻፋል?

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። የልጁ አጎት ኮንዶሚኒየም ሥር የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለው። ልጁ የዱቤ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «ደንበኛ» የሚል ክላስ (እያንዳንዱ ደንበኛ የሚፈጠርበት ቅርጽ) ሠራ። ለአንድ አናጢ ሁለት ኪሎ ሚስማር ሲመዘግብ ግን ሚስማሩ የሁሉም ደንበኛ ሂሳብ ላይ ቁጭ ይላል። «ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ ኮምፒውተሩ?» ይላል።

አላበድክም ወንድሜ። እኔንም አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ እንዳነጋ ያደረገችኝ ስህተት ናት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት እንደመጣ ኮድህን ከፍቼ አየሁት። «ዱቤዎች» የምትለዋን ባዶ ሊስት (ዝርዝር መያዣ) የከፈትካት በቀጥታ ክላሱ ሥር ነው፣ ከየትኛውም ሜተድ (ክላሱ ውስጥ ካለ የሥራ ትእዛዝ) ውጪ። እዚያ የተጻፈው የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ክላሱ ራሱ ሲፈጠር። ከዚያ በኋላ የሚፈጠር ደንበኛ ሁሉ ያቺኑ አንዷን ሊስት ያያል። አጎትህ ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ገጽ ብቻ ከፍቶ እንደመጻፍ በለው።

መስመሯን ቆርጠህ ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ ያለው «ኢኒት» የሚባል ሜተድ ውስጥ አስገባት። ፊቷ ላይ «ሰልፍ» (ያ ደንበኛ ራሱ ማለት ነው) እና ነጥብ ጨምር። ኢኒት አዲስ ደንበኛ በተፈጠረ ቁጥር ስለሚሠራ ለእያንዳንዱ የራሱ ገጽ ይከፈትለታል።

«ስልክ ቁጥሩንም እዚያው ነው የከፈትኩት፣ እሱ ለምን አልተምታታም?» ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለስልኩ በሰልፍ በኩል በእኩል ምልክት አዲስ ዋጋ ትሰጠዋለህ፤ ያኔ ፓይተን ለዚያ ደንበኛ ብቻ የራሱን ይፈጥርለታል። ዱቤው ላይ የተጠቀምከው ግን «አፔንድ» ነው። አፔንድ አዲስ ሊስት አይፈጥርም፣ ያለው ላይ ይጨምራል። ካላመንከኝ ሁለት ደንበኛ ፍጠርና የሁለቱን ሊስት «አይዲ» (መለያ ቁጥር) ፕሪንት አድርግ። አሁን ቁጥሩ አንድ ነው፤ ካስተካከልከው በኋላ ይለያያል።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር። «ደንበኛ»ን የሚወርሱ (ያለውን ሁሉ የሚወስዱ) «የዱቤ ደንበኛ» እና «የካሽ ደንበኛ» የሚባሉ ክላሶች ሠርተሃል። ሲሙላ 67 የተባለው የኖርዌይ የፕሮግራም ቋንቋ ውርስን ካመጣ ጀምሮ ፕሮግራመር ያለ ቦታው ማውረስ ይወዳል፤ እኔም ነበርኩበት። ዛሬ ሲሚንቶ በካሽ የገዛው ኮንትራክተር ነገ ቆርቆሮ በዱቤ ቢወስድ ሌላ ሰው ሊሆን ነው? ዱቤ የሽያጩ እንጂ የሰውዬው ጠባይ አይደለም። ሁለቱን ክላሶች አጥፋና «ሽያጭ» የሚል አንድ ክላስ ሥራ፤ ዕቃውን፣ ዋጋውንና የተከፈለውን ይያዝ። ቀሪውን ለብቻው አታስቀምጥ፣ ከዋጋው ላይ የተከፈለውን የሚቀንስ ሜተድ ያውጣው። ዋጋውን፣ የተከፈለውንና ቀሪውን ሦስቱንም ከመዘገብካቸው አንድ ቀን ሂሳቡ መጣላቱ አይቀርም።

ስሞቹን በአማርኛ መጻፍህ ደስ ብሎኛል፣ ፓይተን 3 ይቀበላል። ግን አንድ ቦታ «ሂሳብ»፣ ሌላ ቦታ «ሒሳብ» ብለሃል። ለእኛ ያው ነው፤ ለፓይተን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። አንዱን ምረጥና ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ፈትሽ።