መልስ፦ ትዊን ኦተር (ውሃ ላይ የሚያርፍ ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ወደ ኋላ ሲሄድ በሚያሳየው ቪዲዮ ላይ፣ ፕሮፔለሩ በግልባጭ እየዞረ ነው ወይ?

አይደለም። ትዊን ኦተሩ ውሃ ላይ ወደ ኋላ ሲሄድም ፕሮፔለሩ የሚዞረው በዚያው አቅጣጫ ነው፤ የሚቀየረው የብሌዶቹ (የፕሮፔለሩ ምላጮች) ማዘንበል ብቻ ነው። አብራሪው ከራሱ በላይ ያሉትን የኃይል ማንሻዎች እጀታ ጠምዝዞ ወደ ኋላ ሲስብ፣ ብሌዶቹ ከዜሮ ዲግሪ ያልፉና አየሩን ወደ ፊት ይገፋሉ።

ጣርማ በርን ስትወጣ መዳፍህን በመኪናው መስኮት ብቅ አድርገው። የፊተኛውን ጠርዝ ቀና ስታደርገው ነፋሱ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ስትደፋው ወደ ታች ይጫነዋል። መኪናው ግን መንገዱን አልቀየረም። መዳፍህ እንደ ብሌዱ፣ የመኪናው ጉዞ እንደ ፕሮፔለሩ ዙረት ነው።

ቪዲዮው ላይ በግልባጭ የሚዞር የመሰለህ ካሜራው በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ስለሚያነሳ ነው፤ በዚያ አትፍረድ። ውሃውን እየው፤ የሚረጨው ወደ አፍንጫው ፊት ከሆነ ሪቨርስ (ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ መግፋቱ) ነው። ሪቨርስ ሲበዛ ይኸው ርጭት ተመልሶ የብሌዱን ጠርዝ ይበላል።