ቴፑ ከሞተሩ ጋር አብሮ ያፏጫል

ጥያቄ፦ የድሮ ቶዮታ ዲኤክስ አለኝ። ባለብሉቱዝ ቴፕና አምፕሊፋየር ራሴ ገጠምኩ። ነዳጅ ስረግጥ ስፒከሩ ያፏጫል፤ መኪናዋ ሁለት ቀን ከቆመች ደግሞ ባትሪው ይሞታል። ዲናሞው ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ዲናሞውን ለጊዜው ተወው፣ ወንድሜ። ፉጨቱ ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ማሳው ላይ፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ ነው። የአምፕሊፋየሩን ጥቁር ሽቦ የት አሰርከው? የወንበር ቡሎን ላይ ከሆነ ፍታው፤ ሥሩ ቀለምና ዝገት ነው። ላሜራው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ በቡሎን አጥብቀው፣ ከዚያ ላዩን ግሪስ ቀባው። (በናስትሮ ጠቅልሎ የሚተው ባለሙያ አለ፤ እኔ አልቀበለውም።) ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦም ከድምፅ ገመዱ ጋር ተጠግቶ አይሂድ። አንዱን በሾፌር፣ ሌላውን በጋቢና በኩል አሳልፍ።

ባትሪውን የሚገድለው ሌላ ነገር ነው። የቴፑ ቢጫ ሽቦ ሰዓትና ጣቢያ እንዳይጠፋ ሁልጊዜ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዘህ ከሆነ ቴፑ አይተኛም፤ በሰማያዊው ሽቦ አምፕሊፋየሩንም ቀስቅሶ ያድራል። ለያያቸው። ከዚያም ካልተስተካከለ ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካገኘህ ዲናሞው ደህና ነው።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር፦ ወፍራሙ ሽቦ ላይ ፊውዝ አለ? ከባትሪው 45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ መግባት አለበት። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ላስቲኩ ተልጦ ቦዲ ከነካ እሳት ይነሳል። ፊውዙን እስክትገዛ ሽቦውን ከባትሪው ንቀለው።