መልስ፦ ዲዛይኑ ካማረ ሳይኮሎጂ ምን ያደርጋል?

ዲዛይኑ ካማረ ሳይኮሎጂ ለምን ያስፈልጋል ብለሃል። ያማረ ነገርም እኮ ግራ ያጋባል። በርን ውሰድ። የሚገፋ በር ላይ የሚጨበጥ እጀታ ከተገጠመ ብዙ ሰው መጀመሪያ ይስበዋል። "ግፋ" ተብሎ ቢጻፍበትም ያው ነው፤ እጅ ጽሑፉ እስኪነበብ አይጠብቅም። እጀታውን ነቅለህ ጠፍጣፋ ብረት ብትለጥፍበት ግን ጽሑፍም አያስፈልገው። እንዲህ ያለው አሳሳች በር "የኖርማን በር" ይባላል። ስሙን ያገኘው ጉዳዩን በሰፊው ካነሳው ከዶናልድ ኖርማን ነው። ሰውዬው የአእምሮን አሠራር የሚያጠና ምሁር ነው።

ስክሪን ላይም እንደዚሁ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ዒላማው በራቀና ባነሰ ቁጥር እጅ እዚያ ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። ስለዚህ "ክፈል" የሚለው ቁልፍ ሰፋ ይበል፤ አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ ይሁን። "ሰርዝ"ን ግን አደራ፣ ጎኑ አትለጥፈው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የጆርጅ ሚለርን እ.ኤ.አ. የ1956 ጽሑፍ ይዘው "ሜኑ ከ7 ምርጫ አይብለጥ" የሚሉህን ደግሞ ብዙም አትስማ። ሚለር ያወራው በአንድ ጊዜ በአእምሮ ስለሚያዝ ነገር ብዛት ነው። ሜኑ ዓይን ፊት ተዘርግቶ ማን ይሸመድደዋል? ተጠቃሚው ማስታወስ የሚከብደው በአንዱ ገጽ ያየውን ኮድ ሌላው ገጽ ላይ ጻፍ ስትለው ነው። እዚያ ጋ አፑ ራሱ ይሙላለት።

የሳይኮሎጂ መጽሐፍ ከመግዛትህ በፊት አንድ ሰው አፕህን ሲጠቀም አጠገቡ ቁጭ ብለህ እይ። ሲደናገር ግን አትርዳው፤ የት ጋ እንደቆመ ብቻ ጻፍ።